እንዴት ይሠራል? የቮልስ ሞተርን በቤት ማደስ

የቮልስን ሞተር ከካምቢዮው ጋር አጣብቀው የያዙት አራት ብሎኖች ናቸው። ሁለቱ ከላይ፣ ሁለቱ ከታች፣ አራቱም በ17 ቁልፍ ይፈታሉ። ሞተሩ ከነዲናሞው ከነማርሚታው ወደ 110 ኪሎ ይመዝናል። ራዲያተር የለውም፣ የውኃ ቱቦ የለውም። መካኒክነት ያልተማረ ሰው በገዛ ግቢው ሞተር አውርዶ፣ ፈትቶ፣ አድሶ ልመልስ ካለ ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ አያገኝም። ሞተር ይወርዳል ሲባል ብዙ ባለመኪና ይደነግጣል። በቮልስ ግን ማውረዱ የሥራው ቀላሉ ክፍል ነው፤ ከባዱ መለካቱ ነው። ታድሶ በጥቂት ወራት ውስጥ እንደገና የሚወርድ ሞተር ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሳይለካ ስለተገጠመ ነውና፣ እዚህም ስለ መለካት አጥብቄ እናገራለሁ።

ይህ ሞተር ለጀማሪ እንደሚመች ከታወቀ ቆይቷል። ጆን ሙር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ በ1969 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቮልስዋገን ጥገና መጽሐፍ የተዘጋጀው ቁልፍ ይዞ ለማያውቅ ሰው ነበር። በፒተር አሽዋንደን ሥዕሎች እየተመሩ ብዙ ሰዎች የራሳቸውን ሞተር ፈትተው ገጥመዋል። የመጨረሻዋ ቮልስ ከሜክሲኮው የፑዌብላ ፋብሪካ የወጣችው በ2003 እ.ኤ.አ. ነው፤ እስከዚያ ድረስ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርተዋል። በእኛም አገር ታሪክ ውስጥ ቦታ አላት። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስ ነው። ዛሬም በአዲስ አበባ መንገዶች ላይ ትታያለች። በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ፣ በእጅ ያለን ሞተር አድሶ ማቆየት የትርፍ ጊዜ ሥራ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ሞተሩ እንዲህ ይሠራል። አራት ሲሊንደሮች በጎናቸው ተኝተዋል፤ ሁለቱ በቀኝ፣ ሁለቱ በግራ። በየሲሊንደሩ ውስጥ ያለው ፒስተን ወደ ውስጥ፣ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ሲሄድ አየርና ቤንዚን ይስባል፣ ሲመለስ ያምቃል፣ ካንዴላው እሳት ሲሰጥ ቃጠሎው መልሶ ይገፋዋል፣ በመጨረሻም ጭሱን ያስወጣል። ቢዬላው ይህን ወዲያና ወዲህ ማለት ተቀብሎ ክራንክ ሻፍቱን ያዞረዋል። ክራንክ ሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካም ሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞርና ቫልቮላዎቹን በተራቸው ይከፍታል። ፊት ለፊት የተቀመጡት ፒስተኖች አብረው ስለሚወጡና አብረው ስለሚገቡ የአንዱ ግፊት የሌላውን ያስታግሳል።

ማቀዝቀዣው አየር ነው። ከዲናሞው ጋር በአንድ ዘንግ ላይ የተቀመጠ ማራገቢያ በቆርቆሮ ሽፋኑ ውስጥ አየር እየነዳ ክንፋም በሆኑት ሲሊንደሮች መካከል ያሳልፈዋል። ቺንጋው ከተበጠሰ ማራገቢያውም ዲናሞውም ይቆማሉ፤ ቀዩ የዲናሞ መብራት ይበራል። ያን ጊዜ ወዲያው መቆም ነው፤ እስከ ቤት ልድረስ ማለት ሞተር ያስወርዳል። በቀደሙት ሞዴሎች የዘይት ማቀዝቀዣው የሚቆመው ለሦስተኛው ሲሊንደር በሚሄደው አየር መንገድ ላይ ነው። ስለዚህ ሦስተኛው ከሌሎቹ ይልቅ ይግላል፤ የጭስ ማውጫ ቫልቮላው ተሰብሮ ፒስተን የሚበሳውም ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ፋብሪካው ይህን አይቶ ከ1971 እ.ኤ.አ. ሞዴል ጀምሮ ማቀዝቀዣውን ከዚያ መንገድ ላይ ዘወር አድርጎታል። የፈቱት ሞተር አሮጌ ከሆነ ሦስተኛውን ሲሊንደር ከሁሉም አስቀድመው ይዩት።

ከመፍታት በፊት ግን ሞተሩ በእርግጥ መውረድ እንዳለበት ማወቅ ያስፈልጋል። ሁለት ምርመራዎች አሉ። አንደኛው ኮምፕሬሽን መለካት ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ ካንዴላዎቹ ሁሉ ወጥተው፣ የቤንዚን ፔዳሉ እስከ ታች ተረግጦ፣ እያንዳንዱ ሲሊንደር በጌጅ ይለካል። እዚህ ላይ የውጭ መጽሐፍ ያነበበ ሰው በከንቱ ይደነግጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,400 ሜትር ትገኛለች፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ ነው። ጂቡቲ ላይ 8 ባር የሚያሳይ ጤነኛ ሲሊንደር እዚህ 6 ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ዋናው ነገር አራቱ መቀራረባቸው ነው። ሦስቱ ተቀራርበው አንዱ በጣም ከወረደ፣ በዚያ ሲሊንደር ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ እንደገና መለካት ነው። ቁጥሩ ከወጣ ያረጀው ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ነው፤ ካልተነቃነቀ ቫልቮላው ነው። ለቫልቮላ ብሎ ክራንክ ሻፍት ድረስ መፍታት አያስፈልግም።

ሁለተኛውን ምርመራ ያለ ምንም መሣሪያ ያደርጉታል። ሞተሩን አጥፍተው ከኋላ ያለውን ፑሌጃ በሁለት እጅ ይዘው ወደ ራስዎ ይሳቡ፣ ይግፉ። ቋ ቋ የሚል ድምፅ ከሰሙ ክራንክ ሻፍቱ ወደፊትና ወደኋላ ይጫወታል ማለት ነው። የተፈቀደለት ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህን ያህሉን እጅ እምብዛም አያውቀውም። በግልጽ ከተሰማዎት ክራንክ ሻፍቱ የሚዞርበት ዋናው ብሮንዚና ወይም መቀመጫው ተበልቷል፤ ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። ያገለገለ ሞተር ከአዲስ አበባው ሶማሌ ተራ ለመግዛት የሄደ ሰውም ሻጩ ስለ ዋጋው ሳይጀምር ይህችን ፑሌጃ ይሳባት።

ማደስ ወይስ ያገለገለ ሞተር መቀየር? እኔ ማደስን እመርጣለሁ፤ የሚገዙት ሞተር ውስጡ ምን እንዳለ ፈትቶ ካላዩት አይታወቅም፣ ከፈቱት ደግሞ ያው ማደስ ነው። መቀየር ግድ ከሆነ ሁለት ነገር ይጣራ። የሞተር ቁጥሩ ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ በሞተሩ ላይ ደግሞ ከዲናሞው መቆሚያ ሥር ተመትቷል። ሌላ ቁጥር ያለው ሞተር ከመግጠም በፊት የመንገድ ትራንስፖርት ቢሮን ጠይቆ ወረቀቱን ማስተካከል ያሻል፤ አለበለዚያ መኪናዋ በምርመራና በሽያጭ ጊዜ ችግር ይገጥማታል። ሌላው ቮላኖው፣ በክራንክ ሻፍቱ ጫፍ ላይ ያለው ባለ ጥርስ ክብ ብረት ነው። የ6 ቮልት መኪኖች ቮላኖ 109 ጥርስ፣ የ12 ቮልቶቹ 130 ጥርስ አለው። ሞተሪኖው ከጥርሱ ጋር ካልተስማማ አዲስ የተገጠመ ሞተር መልሶ ይወርዳል።

ወደ ማውረዱ እንምጣ። የባትሪው ገመድ ይነሣል። የቤንዚኑ ቱቦ ይነቀልና በጥብቅ ይደፈናል፤ ያረጀ የቤንዚን ቱቦ ስንት ቮልስ አቃጥሏልና አሮጌው አይመለስ፣ አዲስ ይገዛ። የዲናሞና የኮይል ሽቦዎች፣ የቤንዚን ፔዳል ገመድ፣ የማሞቂያ ገመዶችና ቱቦዎች፣ የኋላው ቆርቆሮ በተራ ይለያያሉ። የኋላ እግሮቿ ተነሥተው መኪናዋ በካቫሌቶ ላይ ትቆማለች። በክሪክ ብቻ በተያዘች መኪና ሥር ማንም አይግባ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን። የታችኞቹ ሁለት ብሎኖች ቀድመው ይፈታሉ፣ ክሪኩ ከሞተሩ ሥር ይገባል፣ ከዚያ የላይኞቹ ይወጣሉ። ሞተሩ ቀጥ ብሎ ወደኋላ ይሳባል። ከካምቢዮው የሚመጣው ዘንግ እስኪወጣ ድረስ የሞተሩ ክብደት በዘንጉ ላይ መንጠልጠል የለበትም፤ ፍሪሲዮኑ ይጣመማል። ወርዶ መሬት ከነካ በኋላ መኪናዋ ከፍ ትልና በፓራውልቱ ሥር ተስቦ ይወጣል።

ሞተሩ ገና ሳይከፈት ቮላኖውን የያዘው ትልቁ ዳዶ ይላላ። በ36 ቁልፍ የሚፈታ ሲሆን የጠበቀበት ኃይል 300 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው፤ ይህም ማለት በአንድ ሜትር ቧንቧ ጫፍ ላይ 30 ኪሎ መስቀል ነው። በመዶሻ እየመቱ ከመታገል ረጅም ቧንቧ መፈለግና ቮላኖውን በብረት ማሰር ይሻላል። የቀረው ለአንድ ሰው እጅ የሚበቃ ሥራ ነው። ማራገቢያው ከነሽፋኑ፣ ካርቡራተሩ፣ ማርሚታው፣ ቴስታታዎቹ (የሲሊንደሮቹ ክዳኖች)፣ ስምንቱ የቫልቮላ ዘንግ ቱቦዎች፣ ሲሊንደሮቹ፣ ፒስተኖቹ በተራ ይወጣሉ። ከማንሣት በፊት በስልክ ፎቶ ማንሣት፣ የየቦታውን ብሎን ለየብቻው ከረጢት ውስጥ አድርጎ መጻፍ ያስፈልጋል። እጥበቱ በላምባ ወይም በናፍጣ ይሁን፤ በቤንዚን ማጠብ የለመደ አገር ነው ያለን፣ ግን ቤንዚን በትነቱ ብቻ እሳት ይጠራል።

ክራንክ ሻፍቱን የያዘው ብረት ቤት ከሁለት ግማሾች የተሠራ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከማግኒዥየም ቅይጥ። መካከላቸው ጓርኒሲዮን የለም። ሁለት የለሰለሱ ፊቶች በቀጭን ማጣበቂያ ብቻ ይገናኛሉ። ስለዚህ ግማሾቹ አልላቀቅ ካሉ የተረሳ ዳዶ አለ ማለት ነውና ይፈለግ። በመካከላቸው ካቻቢቴ ከትቶ መፈልቀቅ ለዘለዓለም ዘይት የሚያፈስ ሞተር ያስገኛል።

አሁን መለኪያው ይወጣል። ማይክሮሜትር፣ ዳያል ጌጅ፣ ቶርክ ሬንችና ስስ የብረት ምላሶች ያሉት የክፍተት መለኪያ ከሌለ ይህ ሥራ ባይጀመር ይሻላል፤ መከራየትም መዋስም ይቻላል። የክራንክ ሻፍቱ ዋና መቀመጫዎች 55 ሚሊ ሜትር ገደማ ናቸው፤ ከፑሌጃው አጠገብ ያለው አራተኛው ብቻ 40 ነው። እያንዳንዱ በሁለት አቅጣጫ ይለካል፤ ሁለቱ ልኮች ከተለያዩ ክቡ ሞላላ ሆኗል፤ መቀረጽ አለበት። በተቀረጸው መጠን ልክ 0.25፣ 0.50 ወይም 0.75 ሚሊ ሜትር የቀጠነ ክራንክ የሚቀበል ብሮንዚና ይገዛል። ማግኒዥየሙ ለስላሳ ስለሆነ የብሮንዚናው መቀመጫም ይቀጠቀጣል፣ በተለይ መካከል ላይ ያለው። ይህ ከታየ አዲስ ብሮንዚና ብቻውን አያድነውም፤ መቀመጫዎቹ በአንድ መስመር ተሰፍተው ውጩ የወፈረ ብሮንዚና ይገባል። ብዙ እድሳት የሚከሽፈው እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ አዲስ ፒስተንና ሲሊንደር ገዝቶ ይደሰታል፣ የተቀጠቀጠውን መቀመጫ ግን ማንም አልለካውም።

ሲሊንደሩና ፒስተኑ ግን ለቤት ሠሪ የተባረኩ ናቸው። በሌሎች መኪኖች ሲሊንደሩ ከብሎኩ ጋር አንድ አካል ስለሆነ ሲያረጅ ብሎኩ በሙሉ ወደ ቶርኖ ቤት ይሄዳል። የቮልስ ሲሊንደሮች እያንዳንዳቸው ለብቻቸው ይነሣሉ፤ ያረጁት ተጥለው አዲሶቹ ከነፒስተናቸው በአንድ ሣጥን ይገዛሉ። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል ያለው ክፍተት አዲስ ሲሆን ከ0.04 እስከ 0.06 ሚሊ ሜትር ነው፤ 0.20 ሲደርስ ዕድሜው አልቋል። አዲስ ሣጥንም ቢሆን ሳይለካ አይገጠም። ፋሻውን ያለ ፒስተኑ ወደ ሲሊንደሩ አስገብተው በጫፎቹ መካከል የሚቀረውን ክፍተት ይለኩ፤ ለላይኛው ፋሻ ከ0.30 እስከ 0.45 ሚሊ ሜትር ይፈለጋል። ከጠበበ ፋሻው ሲግል ጫፎቹ ተጋጭተው ይሰበራሉ፤ በሞረድ ትንሽ ማሳነስ ነው። ከሰፋ ሞተሩ ዘይት ይበላል።

ቴስታታዎቹ፣ ክራንክ ሻፍቱና የብረት ቤቱ መቀመጫ ማሽን ይፈልጋሉና ወደ ቶርኖ ቤት ይላካሉ። በቴስታታው ላይ በቫልቮላ መቀመጫውና በካንዴላው ቀዳዳ መካከል ስንጥቅ እንዳለ ከመላክ በፊት ይታይ። የጭስ ማውጫ ቫልቮላዎች አሮጌዎቹ አይመለሱ፤ ዋጋቸው ሲሰበሩ ከሚያጠፉት ጋር አይወዳደርም።

መግጠሙ ንጽሕና ነው። የዘይት መንገዶቹ ሁሉ በብሩሽ ተፈግፍገው፣ በአየር ተነፍተው፣ እንደገና ታጥበው ካልሆነ ከቶርኖው የቀረው የብረት ዱቄት አዲሱን ብሮንዚና በመጀመሪያው ሰዓት ይፍቀዋል። ብሮንዚናዎቹ ዘይት ተቀብተው ሲቀመጡ እያንዳንዱ ቀዳዳው በመያዣዋ ትንሽ ፒን ላይ መግባቱ ይረጋገጥ፤ ፒኑ ላይ ያልተቀመጠ ብሮንዚና ሲጠብቅ ይጨፈለቃል። የካም ሻፍቱ ጥርስ ላይ ያለችው አንዲት ነጥብ በክራንኩ ጥርስ ላይ ባሉት ሁለት ነጥቦች መካከል ትገባለች። ግማሾቹ ከተገናኙ በኋላ ስድስቱ ትልልቅ ዳዶዎች በ34፣ ትንንሾቹ በ20 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ። ትንሽ ባጠበቁ ቁጥር ክራንኩን በእጅ ያዙሩት። አንድ ቦታ ላይ ከከበደ ማጥበቁ ይቁምና ይፈታ፤ በጉልበት የሚያልፍ ነገር አይደለም።

አሁን ከመነሻው የተናገርኩለት የክራንክ ጨዋታ ይስተካከላል። ከቮላኖው ኋላ ሦስት ስስ ሮንዴላዎች ይቀመጣሉ፤ ሁልጊዜ ሦስት ናቸው። በ0.24፣ 0.30፣ 0.32፣ 0.34፣ 0.36 እና 0.38 ሚሊ ሜትር ውፍረት ይሸጣሉ። በመጀመሪያ ፓራኦሊዮው (የዘይት መከላከያው) ሳይገባ፣ ሁለት ሮንዴላ ብቻ ተደርጎ ቮላኖው ይጠብቃል፤ በዳያል ጌጅ ጨዋታው ይነበባል። 0.44 ቢያሳይ የምንፈልገው 0.10 ይቀነስለታል፣ 0.34 ይቀራል፤ ሦስተኛው ሮንዴላ ባለ 0.34 ይሆናል ማለት ነው። ከዚያ ቮላኖው ወጥቶ ሦስተኛው ሮንዴላና ፓራኦሊዮው ይገባሉ፣ ቮላኖው በ300 ኒውተን ሜትር ይጠብቃል፣ ጨዋታውም እንደገና ይለካል። ይህ አንድ ልኬት የሞተሩን ዕድሜ ከማንኛውም ውድ ዕቃ በላይ ይወስናል።

ፒስተኖቹ ሲገቡ በራሳቸው ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖው ያመለክታል። ስምንቱ የዘንግ ቱቦዎች ከመግባታቸው በፊት ትንሽ ይሳባሉ፤ ቴስታታው ሲጫናቸው ተጨምቀው ዘይት ይይዛሉ። ቴስታታው ከመካከል ወደ ዳር በቅደም ተከተል፣ መጀመሪያ ለዘብ፣ ቀጥሎ እስከ ልኩ ይጠብቃል፤ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ምሰሶ ከሆነ 32፣ ባለ 8 ከሆነ 25 ኒውተን ሜትር። ቫልቮላው በቀዝቃዛ ሞተር ለ1600 ሲሲው 0.15 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይሰጠዋል። የዘይት ፓምፑ ውስጥ ቫዝሊን ይሞላል፤ አለበለዚያ መጀመሪያ ላይ አየር እየዞረ ዘይት አይስብም። የእሳቱ ተራ 1፣ 4፣ 3፣ 2 ነው።

ሞተሩ ተመልሶ ከተገጠመ በኋላ 2.5 ሊትር ዘይት ይገባል። ካንዴላዎቹ ሳይገቡ የዘይቱ መብራት እስኪጠፋ ድረስ በሞተሪኖ ይዞራል። ከዚያ ይነሣል። አዲስ ካም ሻፍት ከገባ ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች በደቂቃ ወደ 2,000 ዙር ተይዞ ይቆያል፤ በዝግታ እንዲሠራ አይተውም፣ ምክንያቱም ካሙ የሚቀባው ከክራንኩ በሚረጨው ዘይት ነው። በዚህ ጊዜ የእሳት ማጥፊያ አጠገብዎ ይኑር፣ አንድ ሰውም የቤንዚን ቱቦውን ይመልከት። በአዲስ አበባ ከፍታ ካርቡራተሩ ቤንዚን ስለሚበዛበት ጥቁር ጭስ ካዩ ፋሻውን አይጠርጥሩ፤ ዤቱን በአነስተኛ ይቀይሩ። ሰማያዊ ጭስ ፋሻው እስኪላመድ ትንሽ ሊታይ ይችላል።

የመጀመሪያው ዘይት ከዚህ በኋላ ይደፋል፤ 500 ኪሎ ሜትር ሲሞላም እንደገና። በሁለቱም ጊዜ ቫልቮላው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ይለካል። ይህ ሞተር የዘይት ፊልትሮ የለውም፤ ያለው ከሥር የተቀመጠ የሽቦ ወንፊት ብቻ ነው። ስለዚህ በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ዘይቱን ይቀይሩ፣ ወንፊቱን ይጠቡ፣ ቫልቮላውን ይለኩ፣ ፑሌጃውንም ይዘው ሳብ አድርገው ይዩ።